«ተገድጄ ነው» የሚልን ሰው ጥፋት እንዴት እንመዝናለን?

ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አይነገርም። አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር በእግር እየተሄደ፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጣ ተብሎ፣ አንዱ ለሚያምነው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ግን ተገድጄ ነው» ይለዋል። ሰሚውም ወይ «ታዲያ ምን ታደርግ?» ብሎ ያጽናናዋል፣ ወይ «እምቢ አትልም ነበር?» ብሎ ይቆጣዋል። ሁለቱም ፍርድ ናቸው፤ ሁለቱም ሚዛን ላይ ሳይወጡ ተሰጥተዋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ምስጢሩ ተይዞበት ወይም ተዝቶበት ወንጀል የሠራን ሰው የኅሊና ኃላፊነት መመዘን ግድ ለሆነበት ሰው ነው። መዛኙ ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ የትዳር ጓደኛ ወይም የሥራ አለቃ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ራሱን የሚመዝነው ተገዳጁ ራሱ ነው። በየቦታው ሕግ እጠቅሳለሁ። የምጠቅሰውም የዳኛን ሥራ ለመንጠቅ አስቤ ሳይሆን፣ ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ ከብዙዎቻችን የቡና ላይ ፍርድ ይልቅ ተረጋግቶ ያሰበበት ስለሆነ ነው።

አካሄዱን በአንድ ምሳሌ ላይ ላሳይ። ምሳሌው ከብዙ ወሬ የተሰፋ ነው እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ የ27 ዓመት ልጅ አለች እንበል። ከዓመታት በፊት ለቀድሞ ጓደኛዋ የላከችው ፎቶግራፍ፣ በምን መንገድ እንደሆነ ሳታውቀው፣ አንድ ደላላ እጅ ይገባል። ሰኞ ማታ በቴሌግራም ፎቶግራፉ ይመጣላታል፤ ከሥሩ «ለእጮኛሽ ቤተሰቦች ሳልልከው በፊት እንነጋገር» የሚል ተጽፏል። ሐሙስ ዕለት ደላላው ሽምብጥ ከሚኖሩ አንዲት መበለት እናት የይዞታ ማህደር ውስጥ የአንድ ገጽ ኮፒ ይጠይቃታል፤ ትሰጠዋለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋናውን ገጽ ይጠይቃታል፤ እሱንም ትሰጠዋለች። ወር ሲሞላ፣ በወጣው ገጽ ቦታ ሌላ ወረቀት እንድታስገባ ያዛታል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ብቻዋን ስትቀር፣ ማህደሩን ፈትታ አዲሱን ወረቀት ትከተዋለች። የአዲሱ ወረቀት ቀዳዳ ግን ከአሮጌዎቹ ገጾች ቀዳዳ ጋር አይገጥምም፤ ጠርዙ በጣት ስፋት ወደ ውጭ ይወጣል። አውጥታ እንደገና ትበሳዋለች፣ ከሌሎቹ ጋር ታስተካክለዋለች፣ በአውራ ጣቷ ገፋ ታደርገውና ማህደሩን ወደ መደርደሪያው ትመልሳለች። እናትየዋ ጉዳያቸውን ሊጠይቁ በመጡ ቀን ማህደሩ ሲከፈት ስማቸው አልተገኘም።

ይህች ልጅ አሁን እርስዎ ፊት ተቀምጣለች። ከየት ይጀምራሉ?

ድርጊቱንና አድራጊዋን መለየት

ክርክሩ የሚበላሸው ሁለት ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው። አንዱ «የተሠራው ነገር ጥፋት ነው ወይ?» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «ጥፋት ከሆነ በሠሪዋ ላይ የሚያርፈው ምን ያህሉ ነው?» የሚል ነው። መገደዷ የመጀመሪያውን መልስ አይለውጠውም፤ ከማህደር ገጽ አውጥቶ ሐሰተኛ ወረቀት መተካት በማንም እጅ ቢሠራ ጥፋት ነው፣ እናትየዋም ቤታቸው አደጋ ላይ የወደቀው በግዳጅ ስለተሠራ በግማሽ ተቀንሶላቸው አይደለም። መገደድ የሚሠራው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «ብዙ አይፈረድባትም» ማለት ይቻል ይሆናል፤ «ምንም አልተሠራም» ማለት ግን እናትየዋን እንዳልነበሩ መቁጠር ነው።

ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሰውና ጭነት ይዞ የሚመጣ ጀልባ ያስቡ። መሐል ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ጀልባው መናወጥ ይጀምራል፣ ነጂውም «ጭነት ጣሉ!» ብሎ ይጮኻል። ከ2300 ዓመታት በፊት የኖረው አሪስቶትል፣ የእኛ ሊቃውንት አርስጣጣሊስ የሚሉት፣ ስለ ግዳጅ ሲያስተምር የተጠቀመው በማዕበል ጊዜ ከመርከብ የሚጣልን ጭነት ነበር። በደህና ቀን ንብረቱን ውሃ ውስጥ የሚጥል የለም፤ ማዕበል ሲመጣ ግን አእምሮ ያለው ሁሉ ይጥላል፤ ስለዚህ ድርጊቱ ከፈቃድም ከግዳጅም የተቀየጠ ነው ይላል። እኔ በዚህ ላይ «የማንን ጭነት?» የሚል ጥያቄ እጨምራለሁ። የራሴን ጆንያ ብጥል የሚወቅሰኝ የለም። የጎረቤቴን የዘጌ ቡና ብጥል ደግሞ ነፍስ ለማዳን ነውና ይቅር እባል ይሆናል፤ ሆኖም ወደቡ ስንደርስ ስለ ጆንያው እንነጋገራለን፣ ዝም ብዬ ወርጄ ወደ ቤቴ አልሄድም። ሰው ገፍቼ ብጥልስ? አሪስቶትልም ቢሆን፣ ማንም ሰው ተገድዶም ቢሆን ሊሠራቸው የማይገቡ፣ ከእነሱ ይልቅ መሞት የሚሻልባቸው ሥራዎች ሳይኖሩ አይቀሩም ብሏል።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ የጣለችው የሌላ ሰው ጆንያ ነው። ወደቡ ከደረሰችም ሰንብታለች፤ ስለ ጆንያው ግን ገና አልተናገረችም።

ዛቻው ምን ያህል ከባድ ነበር?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 71፣ ጨርሶ ሊቋቋመው በማይችለው አካላዊ ኃይል ተገድዶ ወንጀል የሠራ ሰው አይቀጣም ይላል። እጁን ጠምዝዘው በግድ ያስፈረሙት ሰው ዓይነት ማለት ነው። ግዳጁ በአካል ላይ ሳይሆን በመንፈስ ላይ ያረፈ ከሆነ ግን፣ ዳኛው ቅጣቱን ያለ ገደብ ሊያቀል ወይም ጨርሶ ሊተወው ይችላል። አንቀጽ 72 ደግሞ ግዳጁን መቋቋም ወይም ድርጊቱን ማስወገድ ይችል የነበረ ሰው በመሠረቱ እንደሚቀጣ ይደነግግና፣ የግዳጁን መጠንና ዓይነት፣ የሰውየውን የግል ሁኔታ፣ እንዲሁም በአስገዳጁና በተገዳጁ መካከል የነበረውን የጉልበት፣ የዕድሜ ወይም የጥገኝነት ግንኙነት አይቶ ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀል ይፈቅዳል። እንግዲህ ሕጉ የሚጠይቀው «ተገድዷል ወይስ አልተገደደም?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ምን ያህል፣ በማን፣ በምን ሁኔታ ላይ እያለ?» ብሎም ይጠይቃል። እርስዎም ይህንኑ ይጠይቁ።

ሲጠይቁ የተዛተው ምን እንደነበረ በትክክል ያስነግሩ። ሞት ነው? ድብደባ ነው? ልጇን ማገት ነው? ከሥራ መባረር ነው? ወይስ መዋረድ? ዛቻው መቼ ይፈጸማል ተባለ፤ ዛሬ ማታ ነው ወይስ «አንድ ቀን»? ዛቹስ እንደዛተው ማድረግ የሚችል ሰው ነበር? ከገጠር መጥቶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የገባ የ19 ዓመት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ በከተማው አንድ ዘመድ የሌለው፣ ከሚሰማው ዛቻ የሚደርስበት ጫና፣ የ45 ዓመት የክፍል ኃላፊ ከዚያው ዛቻ ከሚደርስበት ጋር እኩል አይደለም። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው በዚያ ሰው ትከሻ ላይ ያረፈው ክብደት ነው።

በምስጢር የሚደረግ ማስፈራራት ከሌላው ዛቻ የሚለየው አንድ ነገር አለው፤ እኔ ከሁሉም አብዝቼ የማስብበትም እሱን ነው። ጩቤ የያዘ ሰው ጉልበቱን የሚያገኘው ከጩቤው ነው። ፎቶግራፍ የያዘ ሰው ግን ጉልበቱን የሚያገኘው ከእኛ ነው። ፎቶግራፉ ለብቻው ማንንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው የእጮኛዋ እናት ሊሉት የሚችሉት፣ ጎረቤቶች ቡና ላይ የሚያወሩት፣ የሥራ ባልደረቦቿ ስታልፍ የሚተያዩት መተያየት ነው። ይሉኝታ የምንለው ነገር ብዙ ክፉ ሥራ አስቀርቶልናል፤ ለደላላው ዓይነት ሰው ደግሞ ነፃ መሣሪያ ያቀብለዋል። ስለዚህ ከመመዘንዎ በፊት አንድ ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ፤ ይህች ልጅ በዚያች ሰኞ ማታ ስልኳን ይዛ እኔ ዘንድ ብትመጣ ኖሮ ምን እላት ነበር? እውነተኛው መልስ «እጮህባት ነበር» ወይም «ለእናቷ እነግራት ነበር» ከሆነ፣ ዛሬ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ መቆጣት አያምርብዎትም።

በዚህ ላይ ግን ልጓም ያስፈልጋል። ውርደት እውነተኛ ጉዳት ቢሆንም ሞት አይደለም። «አፍር ነበር» የሚለውን ሁሉ እንደ ጥይት ከቆጠርነው፣ የአንዷ ስም ከሌላዋ ቤት ይበልጣል ብለን ወሰንን ማለት ነው፤ ያን ውሳኔ ደግሞ የቤቱን ባለቤት ሳንጠይቅ ወሰንነው።

በሮቹን በየቀኑ መቁጠር

ብዙ መዛኞች የሚሳሳቱት ዓይናቸውን ድርጊቱ በተሠራበት ሰዓት ላይ ብቻ ስለሚተክሉ ነው። ሽጉጥ የተደገነበት ሰው ያለው ያቺው ደቂቃ ብቻ ናት፤ ምስጢሩ የተያዘበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ቀናት፣ አንዳንዴም ወራት አሉት። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያቅርቡ፤ ቀኖቹን በተራ እንድትጽፍ ያድርጉ። ሰኞ ማታ መልእክቱ መጣ። ሐሙስ ኮፒው ተሰጠ። በመካከሉ ሦስት ሌሊቶች አሉ፤ ከኮፒው እስከ ዋናው ገጽ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ እስከ ሐሰተኛው ወረቀት ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት አለ። ለእያንዳንዱ ክፍተት «ያን ጊዜ የትኞቹ በሮች ክፍት ነበሩ?» ብለው ይጠይቁ።

ሰባታሚት ያለች ታላቅ እህቷ አንድ በር ነበረች። የንስሐ አባቷ ሌላ በር ናቸው። የክፍል ኃላፊዋ፣ ፖሊስ፣ ጠበቃ፣ ራሱ እጮኛዋ፣ እነዚህም በሮች ናቸው። የዓመት ፈቃድ ጠይቃ የመደርደሪያውን ቁልፍ ለሌላ ሰው ማስረከብም ትንሽ የጓሮ በር ነበረ። ከዚያ ለእያንዳንዱ በር ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ መኖሩን ታውቅ ነበር? ልትገባበት ትችል ነበር? ብትገባ ምን ያስከፍላት ነበር? በር ነበረ ማለትና በሩ ይታይ ነበር ማለት አንድ አይደሉም። ለምሳሌ፣ ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13፣ በኮምፒዩተር ሥርዓት በሚያሰራጨው ጽሑፍ፣ ቪዲዮ ወይም ምስል ሌላውን በከባድ ጉዳት የሚያስፈራራን ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን ደግሞ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ብዙ ሰው አያውቅም። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ይህን ካላወቀች ያ በር ለእሷ ግድግዳ ነበር። ጠበቃ ወይም የፖሊስ ባልደረባ ሆኖ «አላውቅም ነበር» የሚል ቢመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞም የደላላው ወንድም ጣቢያው ውስጥ የሚሠራ ከሆነና ይህን ካወቀች፣ ያ በር ክፍት ነበር ማለት አንችልም። እኛ ዛሬ ሻይ እየጠጣን የምናያቸው በሮች ሁሉ በዚያች ሌሊት አልበሩም።

ቀኖቹ በተራ ሲጻፉ የሚታይ ሌላም ነገር አለ። ኮፒውን ስትሰጥ ደንግጣ ነበር፣ ለምን እንደሚፈለግም አታውቅም፣ «ይህን ብቻ» ተብላለች። ዋናውን ገጽ ስትሰጥ ግን ሰውየው በቃኝ እንደማይል አይታለች፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና። ሐሰተኛውን ወረቀት ስታስገባ ደግሞ ሁለት ነገር በእርግጥ ታውቃለች፤ መስጠቷ ዝምታ እንደማይገዛላት፣ ወረቀቱም የአንድን ሰው ቤት እንደሚወስድ። ዛቻው በሦስቱም ጊዜ ያው ፎቶግራፍ ነው፤ የኅሊና ዕዳዋ ግን በሦስቱም ጊዜ አንድ አይደለም። እንዲያውም እዚህ ላይ በሰዎች ዘንድ ከተለመደው አስተሳሰብ ተቃራኒውን እይዛለሁ። ብዙዎች «አንዴ ከገባችበት በኋላ መውጫ አልነበራትም» ብለው ለሦስተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ይራራሉ። እኔ ግን ለመጀመሪያው እራራለሁ፤ ሦስተኛው በዕውቀት የተሠራ ነው።

ጉዳቱ የወደቀው በማን ላይ ነው?

በመጽሐፈ ሶስና ሁለቱ ሽማግሎች ሶስናን በአትክልት ቦታዋ ብቻዋን አግኝተው፣ ፈቃዳችንን ካልፈጸምሽ ከወጣት ጋር አግኝተንሻል ብለን እንመሰክርብሻለን ብለው ያዟት። ምስክሮቹ ዳኞችም ስለነበሩ በሩ ሁሉ ተዘግቶባት ነበር፤ ብትፈቅድም ሞት፣ እምቢ ብትልም ሞት። እምቢ አለች። ሶስናን የምናከብራት ግን ከሰው ሁሉ ሊጠበቅ ከሚችለው በላይ ስለሠራች ነው፤ እሷን የሁሉ ሰው መለኪያ ማድረግ ቅድስናን ግዴታ ማድረግ ነውና እንዲህ ያለውን ፍርድ አልወደውም።

ከሶስና ይልቅ ለመዝገብ ቤቷ ልጅ ጉዳይ የሚቀርበው ጲላጦስ ነው። እሱም ተዝቶበታል፤ ይህን ሰው ብትፈታው የቄሣር ወዳጅ አይደለህም ብለውታል። የተዛተበት በሹመቱ ነው፣ ወታደሮች ነበሩት፣ የተከሳሹንም ንጽሕና በገዛ አፉ ተናግሯል። ዛቻው ሲመዘን መካከለኛ፣ በሮቹ ብዙ፣ ጉዳቱ ደግሞ ምንም ባላጠፋ በሌላ ሰው ላይ የወደቀ ነው። እጁን የታጠበበት ውሃ የሚያጠራው ዓይነት ነገር አልነበረም። የራስን አደጋ አንሥቶ በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ መጫን፣ ራስን ከመጉዳት ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

በእስልምናም ይኸው ልዩነት አለ። በቅዱስ ቁርኣን ሱረቱ አን-ነሕል ቁጥር 106፣ ልቡ በእምነት ረግቶ ሳለ በግዳጅ የክህደት ቃል የተናገረን ሰው ከወቀሳ ያወጣዋል፤ የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ ሊቃውንት ግን የራስን ነፍስ ለማዳን ሲባል ንጹሕ ሰው መግደልን ግዳጅ አይፈቅደውም ብለዋል። ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም በዚህ ጥያቄ ተፈትኗል። ድራዤን ኤርዴሞቪች የተባለ ወታደር እ.ኤ.አ. በ1995 በቦስኒያ በተፈጸመው የስሬብሬኒጻ እልቂት እስረኞችን ከረሸኑት አንዱ ሲሆን፣ እምቢ ባለ ጊዜ «ከእነሱ ጋር ተሰለፍ» መባሉን ተናገረ። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የወንጀል ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1997 ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ ንጹሐንን በመግደል የተከሰሰ ወታደርን መገደዱ ጨርሶ ነፃ አያወጣውም፣ ቅጣቱን ግን ሊያቀልለት ይችላል ብሎ ወሰነ፤ በ1998 የተሰጠውም ቅጣት የአምስት ዓመት እስራት ነበር። ሁለቱ ዳኞች የተለዩበትን ሐሳብ ቀላል አድርጌ አላየውም፤ እሱ ባይተኩስም እስረኞቹ መሞታቸው አይቀርም ነበርና። ማህደሩን ግን ከእሷ በቀር የሚነካው ሰው አልነበረም።

ከታዘዘው በላይ የተሠራውን መፈለግ

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ መዛኝ ብዙ አላየሁም። ደላላው «ወረቀቱን አስገቢ» አላት። ቀዳዳው አልገጥም ሲል እንደገና ብሺው፣ ጠርዙን አስተካክይ፣ እንዳያስታውቅ አድርጊ ግን አላላትም። እንደገና የበሳችው ማንም ሳያዛት፣ በራሷ ብልሃት ነው። ተገዳጁ ከታዘዘው ዝቅ ያለውን ሠርቶ ይሆናል፤ ወረቀቱን ጠርዙ ወጣ እንዳለ ትታው ቢሆን ኖሮ፣ ቀጥሎ ማህደሩን የሚከፍት ሰው እንዲጠራጠር አንዲት ቀዳዳ ትተርፍ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ከታዘዘው ከፍ ያለውን ይሠራል፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የአስገዳጁና የእሱ ፍላጎት ገጥሟል፤ ሁለቱም እንዳይታወቅ ይፈልጋሉ። እዚያ የደረሰ ሰው በዛቻ ብቻ ተይዟል ማለት ያዳግተኛል። ልጅቷ ስለዚያች የአውራ ጣት ግፊት ስትናገር ድምፅዋ ከተለወጠ እሷም ታውቀዋለች ማለት ነው፤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ወጥመዱ የገባችበት መንገድ

ይህን በአጭሩ። ሰው ምስጢሩ የተያዘበት ቀድሞ ጉቦ በመብላቱ ከሆነ፣ ወይም ዐውቆ ከዘራፊዎች ጋር ውሎ ኋላ አስገድደውት ከሆነ፣ ለራሱ የሠራው ገመድ ነውና መገደዱ ብዙም አያቀልለትም። ፎቶግራፍ መላክ ግን ወንጀል አልነበረም። የፎቶግራፉን ነውር ከማህደሩ ጥፋት ጋር ደምረው የሚፈርዱ ሽማግሎች አይጠፉም፤ ይህ የደላላውን ሥራ በነፃ መጨረስ ነው።

ዕዳው አይቆረስም

ሰዎች ጥፋትን እንደ አንድ ዳቦ ያዩታል፤ ለደላላው ብዙ ከቆረስን ለልጅቷ ጥቂት ይቀራል ይላሉ። ሕጉ እንዲህ አያስብም። ሌላውን ሆን ብሎ በማስገደድ ወንጀል የሚያሠራ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 32 መሠረት እጁን ሳያነሣ ዋና ወንጀል አድራጊ ይሆናል። ደላላው የጥፋቱን ሙሉ ዕዳ ይሸከማል፤ ልጅቷን በማስፈራራቱ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። ልጅቷም የራሷን ትሸከማለች፤ እሱም የሚለካው በቀሯት በሮች ልክ እንጂ ከእሱ በተረፈው አይደለም። የእሱ መክበድ የእሷን አያቀልም፤ የእሷ መኖር የእሱን አይቀንስም። ሁለቱን በአንድ ስብሰባ ላይ አስቀምጦ «ይቅር ተባባሉ» ለማለት የሚጣደፍ ሽማግሌ ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

እጁ ከላላ በኋላ

የመጨረሻው መመዘኛ ዛቻው ከቀለለ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ደላላው ታስሮ፣ ወይም ፎቶግራፉ ወጥቶ የተፈራው ሁሉ ደርሶ፣ ወይም እጮኛዋ ዐውቆ «ግድ የለም» ብሏት ሊሆን ይችላል። ከዚያች ቀን በኋላ ለሚያልፈው ዝምታ አስገዳጅ የለውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 በከባድ ዛቻ ወይም ምክንያት ባለው ፍርሃት ተገፍቶ ወንጀል የሠራን ሰው ቅጣት የሚያቀል ሲሆን፣ ከጥፋቱ በኋላ በእውነት የተጸጸተን፣ ጥፋቱን ያመነን፣ ራሱን ለሕግ የሰጠን፣ የተቻለውን ያህል ጉዳቱን የካሠን ሰውም እንዲሁ ያያል። ጲላጦስም በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዚያች ዓርብ ሥራው ብቻ አይታሰብም፤ ኋላ እንዳመነ ይነገርለታል።

ፍርዱን መናገርና ቀጥሎ የሚደረገው

መዝነው ሲጨርሱ በጥቅሉ አይናገሩ። «አይዞሽ» ብቻ ወይም «አሳፈርሽን» ብቻ ቢሏት ከመጣችበት ያልተሻለ ነገር ይዛ ትሄዳለች። እያንዳንዱን ነገር ለይተው ይንገሯት፤ ለምሳሌ «ልጄ፣ ኮፒውን በሰጠሽ ቀን ማንም በአንቺ ቦታ ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ ለእሱ አልወቅስሽም። ሁለተኛውን ስትሰጪ እህትሽ ነበረች። ሦስተኛውን ግን አንቺ ነሽ ያደረግሽው፤ ወረቀቱን እንደገና የበሳሽውም አንቺ ነሽ። ፎቶግራፉ ደግሞ ከዚህ ውስጥ የለበትም» ማለት ይቻላል። ሰው የራሱ የሆነውንና ያልሆነውን ለይቶ ሲሰማ መተንፈስ ይጀምራል።

ከዚያ ወደ ሥራው ይለፉ። የቴሌግራም መልእክቶቹ አንዱም እንዳይጠፋ፤ ብዙ ሰው በእፍረት መጀመሪያ የሚያጠፋው እነሱን ነው፣ መገደዱን የሚያስረዳለት ግን ከእነሱ በቀር ላይኖር ይችላል። ቀኑና የላኪው ስም እንዲታይ አድርጋ ፎቶ ታንሣቸው፤ ለደላላው አንድ ሳንቲም እንዳትጨምር፣ ብቻዋንም እንዳታገኘው። ቃል ከመስጠቷ በፊት ጠበቃ ታማክር። ሰነድ መለወጥ ከባድ ክስ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለውና በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ጠበቃ ማማከር ከኅሊና መሸሽ አይደለም። ሳምንት ሊያዘገይ ይችላል፤ ነገሩ ዓመት ከፈጀ ግን እሱ ራሱ አራተኛው ወረቀት ሆነ ማለት ነው፣ እናትየዋ በየወሩ ወደዚያ መስኮት እየተመላለሱ ናቸውና። ሽምግልናም ቦታው የእሷንና የእናትየዋን ግንኙነት መጠገን ነው፤ እንዲህ ያለውን ክስ ሽማግሌ አይሰርዘውም፤ ለልጅቷም እንደሚሰረዝ ተስፋ አይሰጧት።

ሽምብጥ ስትሄድ እርስዎም አብረዋት ይሂዱ፤ ሆኖም ደጃፉ ላይ ይቁሙ እንጂ ቀድመው አይናገሩ። ጠበቃው ካየው በኋላ የጻፈችውን፣ የትኛው ገጽ መቼ እንደወጣና በምን እንደተተካ የሚገልጸውን ወረቀት በእጇ ትስጣቸው፤ እናትየዋ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ልጃቸው ወይም ጎረቤት ያንብብላቸው፣ እሷ ራሷ አታንብብላቸው። ስለ ዛቻው ከተጠየቀች ትናገር፤ ካልተጠየቀች በዚያ ቀን አታንሣው። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ትችላለች፤ መልስ መጠበቅ ግን የለባትም፣ እርስዎም «እንግዲህ ይቅር ይበሏት» ብለው አይጫኗቸው። ቡና ካፈሉ ይቀመጡ። ካላፈሉ ወረቀቱን ትተው ይውጡ፤ እናትየዋ በሩን ሲዘጉት ድምፁ ቢጠነክር ልጅቷ እንድትሰማው ይተዉላት።